ግሉተን ለማይስማማው መንገደኛ፦ ከሻንጣ ዝግጅት እስከ መመለሻው ቀን

ጉዞ ላይ ግሉተን (በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን) በልቼ የታመምኩባቸውን ጊዜያት ሳስታውስ ሁሉም ላይ አንድ ነገር ይመሳሰላል። እርቦኝ ነበር። ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ጊዜ አሥር ሰዓት ሙሉ መንገድ ላይ ውዬ፣ ሆዴ ባዶ ሆኖ ትኩስ የተጠበሰ ሩዝ ቀረበልኝ። «ሩዝ ምን ችግር አለው?» ብዬ ማንኪያ አነሳሁ። ሩዙ የተጠበሰው በሶያ ሶስ ነበር። አብዛኛው ሶያ ሶስ ደግሞ የሚሠራው ከሶያና ከስንዴ ነው። ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ የጉዞ ዝግጅቴ ሁሉ የሚያጠነጥነው እንዳይርበኝ በማድረግ ላይ ነው። የጠገበ ሰው «ይቅርብኝ» ማለት አይከብደውም። የራበው ግን ራሱን ያሳምናል። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

ይህን የምጽፈው በተለይ ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ነው። ሌላ ምክንያት ኖሯችሁ ግሉተን የተዋችሁም አብዛኛው ይጠቅማችኋል።

ስንት ግሉተን ነው የሚጎዳው?

ይህን ሳያውቁ መጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ ጥንቃቄው የት ድረስ መሄድ እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነውና።

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። ግሉተን ሲበላ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፉት ጥቃቅን ጣት መሳይ ቅጥያዎች ይሸረሸራሉ። በዓለም ላይ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ይህ ሕመም አለበት፤ ብዙዎቹም አያውቁትም። ሆዳችሁን ባይቆርጣችሁም ጉዳቱ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ በላሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው መለኪያ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በየቀኑ 50 ሚሊግራም ግሉተን ለ3 ወር የወሰዱ ሕሙማን አንጀታቸው እንደተጎዳ አሳይቷል። 50 ሚሊግራም ማለት የዳቦ ፍርፋሪ ማለት ነው። በብዙ አገሮች «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በ1 ኪሎግራም ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይኖረው የተደነገገውም መጠኑ ይህን ያህል አነስተኛ መሆን ስላለበት ነው።

ሌላው፣ ግሉተን ፕሮቲን እንጂ ተህዋስ አይደለም። መጥበስ፣ መቀቀል ወይም አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ አያጠፋውም። የሚያስወግደው በውኃና በሳሙና ማጠብ ነው።

ደረጃ 1፦ ትኬት ከመቁረጥ በፊት የምትሄዱበትን አገር ሕግ እወቁ

ሰው ብዙውን ጊዜ የምግብ ቤት ዝርዝር ነው የሚፈልገው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የታሸገ ምግብ ላይ ምን እንዲጻፍ ሕጉ እንደሚያስገድድ ነው። ምግብ ቤት ሁሉ ቢዘጋ እንኳ ሱፐርማርኬት ገብቼ እጄ ላይ ያለውን ማንበብ ከቻልኩ አልራብም። ሕጉ ደግሞ ከአገር አገር በጣም ይለያያል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 የአለርጂ መነሻዎች የግድ መገለጽ አለባቸው። ግሉተን ያላቸው እህሎች ከእነሱ አንዱ ናቸው። በታሸገ ምግብ ላይ ስማቸው ከሌላው ጽሑፍ ጎልቶ፣ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል ይታተማል። ምግብ ቤቶችም ይህን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም ማለት ነው።

በአሜሪካ ሕጉ የሚያስገድደው ስንዴ እንዲጻፍ ነው። ገብስና ራይ ግን ከግዴታው ውጪ ናቸው። «ስንዴ አለበት» የሚል ስላላያችሁ ብቻ አትረጋጉ፤ ዝርዝሩን ወርዳችሁ «ብቅል» የሚለውን ፈልጉ። ብቅል አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ነው። ጃፓንም ስንዴ መጻፉ ግዴታ ነው፤ ገብስ አይደለም። እዚያ ደግሞ የተቆላ ገብስ ሻይ እንደ ውኃ የሚጠጣ ነገር ስለሆነ ብርጭቆ ሲቀርብላችሁ ምን እንደሆነ ጠይቁ።

ብራዚል ለእኛ ቀላል ናት። በሕግ ማንኛውም የታሸገ ምግብ ግሉተን አለው ወይም የለውም ብሎ መጻፍ አለበት። አርጀንቲና ስትሄዱ «ሲን ታክ» (Sin TACC) የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። «ታክ» በስፓኒሽ የስንዴ፣ የአጃ፣ የገብስና የራይ የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ «ሲን» ማለት «ያለ» ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከሁሉም ይጠብቃሉ። «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በምርመራ ግሉተን ጭራሽ መገኘት የለበትም፤ አጃ ያለበት ምግብም ይህን ስም አያገኝም።

ስለ አጃ አንድ ቃል ልጨምር። አጃ ራሱ ስንዴ አይደለም። ግን በእርሻ፣ በመጋዘንና በወፍጮ ከስንዴ ጋር ይቀላቀላል። አንዳንድ ሕሙማን ደግሞ ንጹሑም አይስማማቸውም። ቤታችሁ በልታችሁት የማታውቁትን አጃ ጉዞ ላይ አትጀምሩ።

ቀጥሎ የአገሩን ሴሊያክ ማኅበር ፈልጉ። ብዙ አገሮች አላቸው። ለምሳሌ የኢጣሊያው ማኅበር አሠልጥኖ የሚከታተላቸውን ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ዝርዝር ያወጣል። ኢንተርኔት ላይ ማንም ከሚሰጠው ኮከብ ይልቅ እንዲህ ያለውን ዝርዝር አምናለሁ።

ደረጃ 2፦ ካርዱን አዘጋጁ

ቋንቋውን በማትችሉበት አገር ካርድ ከሌለ ነገሩ የዕድል ጉዳይ ነው። በእጅ የምትሰጡት፣ በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ፣ ወጥ ቤት ድረስ የሚገባ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ አይበቃም፤ አስተናጋጁ ስልካችሁን ይዞ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ባትሪም ያልቃል።

ካርዱ ላይ «ግሉተን» ብቻ ብሎ መጻፍ ትልቁ ስህተት ነው። ብዙ ወጥ ሠሪ ቃሉን አያውቀውም። የሚያውቀው ዱቄት፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሶያ ሶስ ነው። «ነጭ ዱቄት እንጂ ስንዴ አልተጠቀምንም» የተባልኩበት ጊዜ አለ። ሰውየው እየዋሸኝ አልነበረም። ስንዴ ማለት ለእሱ ያልተፈጨው እህል ነው። ስለዚህ ነገሩን በስሙ ጥሩት። የእኔ ካርድ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

*«ሰላም። የአንጀት ሕመም አለብኝ። ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይ ወይም አጃ ያለበት ምግብ፣ በጣም ትንሽም ቢሆን፣ ያሳምመኛል። ዱቄት፣ ዳቦ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ፓስታ፣ ኩስኩስ፣ ቢራ፣ ብቅልና የተለመደው ሶያ ሶስ መብላት አልችልም። ዳቦ ወይም ዱቄት የነካው ዘይት፣ መጥበሻ፣ ቢላዋ ወይም ማንኪያ ምግቤን ከነካውም እታመማለሁ። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ንጹሕ ሥጋና ዓሣ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ መብላት እችላለሁ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ንገሩኝ፤ አልቀየምም። አመሰግናለሁ።»*

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አትተዉ። ወጥ ሠሪው «አናውቅም» ለማለት ፈቃድ ያገኛል። የምችለውን መዘርዘሩም ይጠቅማል፤ የማይቻለውን ብቻ የሰማ ሰው ግራ ይጋባል፣ የሚቻለውን ያየ ግን ማሰብ ይጀምራል።

ትርጉሙን በስልክ መተርጎሚያ ብቻ አትጨርሱት። ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው አንድ ጊዜ ያንብበው። ማንም ካላገኛችሁ የአገሩ ሴሊያክ ማኅበር አዘጋጅቶ እንደሆነ ፈልጉ። አምስት ስድስት ቅጂ አትሙ፤ ወጥ ቤት ገብቶ የሚቀር ወረቀት ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ስንቃችሁን ቁጠሩ

ስንቅ በግምት አይያዝም። እኔ የምቆጥረው እንዲህ ነው። ከቤቴ ደጃፍ እስከማድርበት አልጋ ድረስ ስንት ጊዜ እበላለሁ? በዚያ ላይ ሁለት ምግብ እጨምራለሁ። በረራ ይዘገያል፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ያመልጣል፣ የደረስንበት ከተማ ሱቁ ተዘግቶ ያድራል።

ስንቁ በእጅ ሻንጣ ይሁን። የተጫነ ሻንጣ ይጠፋል። የሩዝ ብስኩት፣ ለውዝ፣ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደግሞ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል በቂ ናቸው። የኦቾሎኒ ቅቤ ስትይዙ አስታውሱ፤ በአየር ማረፊያ ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በአብዛኛው ከ100 ሚሊሊትር በላይ በእጅ አያስገቡም።

ድንበር ላይ የሚያዘውንም እወቁ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ክልክል ነው። በሕክምና ምክንያት ለሚያስፈልግ ልዩ ምግብ የተወሰነ ፈቃድ ቢኖርም፣ ካልተከፈተ ማሸጊያው ጋር መሆን አለበት። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ስትገቡ ማንኛውንም ምግብ አስመዝግቡ፤ ካላስመዘገባችሁ ከባድ ቅጣት አለው። ማስመዝገብ ማለት መነጠቅ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አይተው ይመልሱላችኋል።

ከሐኪማችሁ አጭር ደብዳቤ ያዙ፤ ሕመሙ ምን እንደሆነና ለምን የራሳችሁን ምግብ እንደያዛችሁ የሚገልጽ። ፍተሻ ላይ ክርክር ያሳጥራል። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም የጉዞውን ሙሉ ያህል ከቤት ያዙ። አንዳንድ እንክብል ማያያዣው የስንዴ ስታርች ሊሆን ስለሚችል በሌላ አገር ተመሳሳዩን ስትገዙ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ከምግቡ ጋር አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ አንድ ማንኪያና የአሉሚኒየም ፎይል ጨምሩ። ለምን እንደሆነ ማረፊያው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 4፦ በረራው

አየር መንገዶች ከግሉተን ነፃ የሆነ ልዩ ምግብ አላቸው። መለያው ጂ ኤፍ ኤም ኤል (GFML) ነው። ትኬት ስትቆርጡ እዘዙ። ብዙዎቹ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ 48 ሰዓት ይላሉ። ትራንዚት ካላችሁ ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ መመዝገቡን አረጋግጡ፤ በተለይ ሁለተኛውን በረራ ሌላ አየር መንገድ የሚያበርረው ከሆነ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ደግማችሁ ጠይቁ።

አውሮፕላን ውስጥ ክዳኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ። የአትክልት ምግብ ከግሉተን ነፃ ማለት አይደለም። ትሪው ላይ ከዋናው ምግብ ጋር የተለመደው ዳቦ ወይም ብስኩት ሊቀመጥ ይችላል፤ ልማድ ሆኖ ለሁሉም ስለሚታደል ነው። ጥርጣሬ ካለ ስንቃችሁን አውጡ።

ደረጃ 5፦ ማረፊያ

ከቻላችሁ ትንሽ ማብሰያ ያለው ክፍል ተከራዩ። ምድጃ እንኳ ባይኖር ፍሪጅና የፈላ ውኃ ብዙ ችግር ያቃልላሉ። በቀን አንዱን ምግብ ራሳችሁ ከሠራችሁ ለሌሎቹ መጨነቁ ይቀንሳል።

የሰው ማእድ ቤት ስትገቡ ግን ዕቃው ንጹሕ መስሎ ስለታየ አትመኑት። ድስትና ሳህኑን በራሳችሁ ስፖንጅ እጠቡ። የእንጨት ማንኪያና መክተፊያ፣ የፓስታ ማጥለያ፣ የተፋቀ መጥበሻ አትጠቀሙ፤ ስንጥቃቸው ውስጥ የሚቀረው ዱቄት አይወጣም። ቶስተሩን ጨርሶ አትንኩ። ፎይሉን ምድጃ መደርደሪያው ላይ አንጥፉና እዚያ ላይ ጋግሩ።

ሆቴል ውስጥ የሚያስቸግረው የቁርስ ቡፌ ነው። ምግቡ ደህና ሆኖ መቆንጠጫው ከዳቦ ወደ ፍራፍሬ ሲዞር ይውላል። ቅቤና ማርማላታው የሌላ ሰው ቢላዋ የገባበት ነው። የተመታ እንቁላል ውስጥ እንዲያብጥ የፓንኬክ ሊጥ የሚጨምሩ ሆቴሎች እንዳሉ ስሰማ አላመንኩም ነበር፤ ግን አሉ። ስለዚህ ቡፌው ሲከፈት ቀድማችሁ ግቡ፣ ከተቻለ ከወጥ ቤት በቀጥታ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ። ልጣጩ ያልተነሳ ቅቅል እንቁላልና ሙዝ ማንም ሊበክልባችሁ አይችልም።

ደረጃ 6፦ ምግብ ቤት፣ ትልቁ ፈተና

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡ።

ሰዓት ምረጡ። ምግብ ቤቱ በተጨናነቀ ጊዜ ወጥ ሠሪው ካርዳችሁን ለማንበብ ጊዜ የለውም። ሌላው ሰው ከሚበላበት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ቀደም ብላችሁ መደወልም ይጠቅማል፤ ስልክ ላይ የሚመልሱበት መንገድ ብዙ ይናገራል።

«ይህ ግሉተን አለው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «የለውም» ነው፤ አስተናጋጁ ደንበኛውን ማስደሰት ይፈልጋል። የሥራውን ሂደት ጠይቁ። «ሥጋውን ከመጥበሳችሁ በፊት ምን ትቀቡታላችሁ?» «ሶሱን የምታወፍሩት በምንድን ነው?» «ሾርባው ውስጥ ከጥቅል የሚገባው ቅመም ምንድን ነው?» «ድንቹ የሚጠበስበት ዘይት ውስጥ ሌላ ምን ይጠበሳል?» እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ በአዎንና በአይ መመለስ አይቻልም። ሰውየው ወይ ያውቀዋል፣ ወይ ሄዶ ይጠይቃል። ሳይሄድ፣ ሳያስብ፣ ፈገግ ብሎ «ችግር የለም» ካለ ለእኔ ያ ተነሱ የሚል ምልክት ነው።

የዘይቱ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ድንች ንጹሕ ነው። ግን በዱቄት የተለወሰ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ ንጹሕ አይደለም። የፓስታ ውኃም እንዲሁ ነው። ከግሉተን ነፃ የሆነው ፓስታ የስንዴው በተቀቀለበት ውኃ ከተቀቀለ ዋጋ የለውም። ፒዛ ቤት ደግሞ ዱቄቱ አየር ላይ ይበናል፤ የተለየ ክፍልና ምድጃ ከሌላቸው የእኔ ምክር ሰላጣቸውንም እንዳትበሉ ነው።

ግሉተን ከሚደበቅባቸው ነገሮች ጥቂቶቹ እነሆ፦ ሶያ ሶስ፣ በዱቄት የወፈረ ሾርባ፣ ቋሊማና የተፈጨ ሥጋ ድብልብል፣ ከጥቅል የሚበጠበጥ ድንች፣ ከዓሣ የሚሠራው አስመሳይ የሸርጣን ሥጋ፣ የብቅል ኮምጣጤ። በሕንድ ምግብ ውስጥ ሂንግ የሚባለው ቅመም ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። በሜክሲኮ የበቆሎው ቶርቲያ ደህና ቢሆንም ሞሌ የሚባለው ሶስ በዳቦ ሊወፍር ይችላል፣ የስንዴውም ቶርቲያ እዚያው ምጣድ ላይ ይሞቃል። የጃፓኑ ሶባ ደግሞ ከሌላ እህል የተሠራ ነው ቢባልም ብዙ ጊዜ ስንዴ ይገባበታል። ኩስኩስ፣ ቡልጉርና ሴሞሊና ስማቸው ይለያይ እንጂ ስንዴ ናቸው።

ምግቡ ሲመጣ ከመቅመሳችሁ በፊት እንደገና ጠይቁ። «ይህ ከግሉተን ነፃ የሆነው ነው አይደል?» ሳህን የሚያመጣው ሰው ትዕዛዝ ከተቀበለው ሰው የተለየ ሊሆን ይችላል። በዚህች ጥያቄ ብቻ ሁለት ጊዜ ተርፌያለሁ።

ሰላጣችሁ ላይ ዳቦ ተነስንሶ ቢመጣ ለቅማችሁ አትብሉ። አዲስ ይሠራላችሁ። አሮጌውን ሳህን ደግሞ አዲሱ እስኪመጣ ጠረጴዛው ላይ አቆዩት። ከወሰዱት ዳቦውን አንስተው ያንኑ መልሰው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ይህን ስታደርጉ ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። በፈገግታ፣ ግን ሳትለቁ።

አብረዋችሁ የሚጓዙትንም አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው በፍቅር ነው የሚለው፤ ግን ያሳምማችኋል። መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሁሉም ርቦት ሳለ ማስረዳት አይመችም።

ደረጃ 7፦ ተጠንቅቃችሁም ከሆነ

ይደርሳል። ራሳችሁን አትውቀሱ።

ግሉተኑን የሚያረክስ እንክብል የለም። ፋርማሲ ውስጥ የሚሸጡት የኢንዛይም እንክብሎች ሴሊያክ ላለበት ሰው መተማመኛ አይሆኑም። የሚረዳው ውኃ፣ እረፍትና ቀለል ያለ ምግብ ነው። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ሁለት ሦስት ከረጢት ሻንጣችሁ ውስጥ ይኑር። ትውከቱ አልቆም ካለ፣ ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንታችሁ እየቀነሰ ከጠቆረ ሐኪም ጋ ሂዱ። ጉዞ ላይ ሆድ የሚያምመው በግሉተን ብቻ አይደለም፤ የተበከለ ውኃም ሊሆን ይችላል።

«አንዴ ከበላሁ አይቀር» ብላችሁ ግን አትቀጥሉ። የሚቀጥለው ምግብ ጉዳቱን ይጨምራል። የበላችሁትንና የት እንደበላችሁት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ቤት ስትመለሱ ሐኪማችሁ ይጠይቃችኋል።

መመለሻው ቀን

ብዙ ሰው መሄጃውን ተጠንቅቆ መመለሻው ላይ ይሳሳታል። ስንቁ አልቋል፣ ካርዱ ተጨማዷል፣ ሰውነት ደክሟል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ሱፐርማርኬት ግቡ። ስንቁን እንደ መሄጃው ቁጠሩ፤ ከማረፊያው ደጃፍ እስከ ቤታችሁ፣ በዚያ ላይ ሁለት። የልዩ ምግቡን ትዕዛዝ እንደገና አረጋግጡ። ቤት ስትደርሱ የምትበሉትም ፍሪጅ ውስጥ እንዲጠብቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አብስላችሁ በበረዶ ቤት ብታስቀምጡ፣ ደክሟችሁ ስትገቡ ማሞቅ ብቻ ይቀራችኋል።